አንድ ሰዓት የማይሞላ በረራ

አባቴን ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ ይዣቸው የመጣሁት መንገዱ ገና ክፍት በነበረበት ጊዜ ነው። ማለዳ ከፍኖተ ሰላም የተነሳው አውቶቡስ ጅጋን፣ ደምበጫን፣ ደብረ ማርቆስን አልፎ ዓባይ በረሃ እስኪወርድ ድረስ አንዲት ቃል አልተናገሩም። ሆዳቸውን በመቀነት ጠበቅ አድርገው አስረው፣ ግንባራቸውን መስኮቱ ላይ አስደግፈው፣ የሚያልፈውን ማሳ ሁሉ ያያሉ። የፍኖተ ሰላም ሐኪሞች ጉበታቸው ላይ ያዩት ነገር ስላላማራቸው ነበር አዲስ አበባ ይታዩ ብለው ሪፈር የጻፉላቸው። እኔ አዲስ አበባ አስተማሪ ነኝ። ከትምህርት ቤቱ ፈቃድ ወስጄ ላመጣቸው የሄድኩት ከልጆቻቸው ከተማ የምኖረው እኔ ብቻ ስለሆንኩ ነው።

አባቴ የቅኔ መምህር ነበሩ። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲወጡ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብላ ባለች የገጠር ቤተ ክርስቲያን ዕድሜያቸውን ሙሉ ወንበር ዘርግተው አስተምረዋል። አገሩ መሪጌታ ይላቸዋል፤ እኛ ልጆቻቸው ግን አባባ ነው የምንላቸው። ነገርን ቀጥ አድርገው መናገር አይሆንላቸውም። ወጡ ጨው እንዳነሰው ለመናገር እንኳ ዙሪያ ጥምጥም ሄደው ነው፤ እናቴ ነገሩ የሚገባት እሳቸው በልተው ከተነሱ በኋላ ነው።

አውቶቡሱ በረሃውን እየተጠማዘዘ ሲወርድ ድንገት ወደ እኔ ዞሩ።

«እንዲያው ይኸ መንገድ በአውሮፕላን ቢሆን ምን ያህል ይፈጃል?»

«ከባሕር ዳር አዲስ አበባ አንድ ሰዓት አይሞላም አባባ።»

«አንድ ሰዓት! አንድ ቅዳሴ እንኳ አያስቀድስም በይኛ።» ከዚያ «እንግዲያስ እኔ ስመለስ በሰማይ ነው የምመለሰው» አሉ።

ከፊታችን የተቀመጡት ሰዎች ሰምተው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

አዲስ አበባ ያሉት ሐኪሞች ነገሩ ሥር መስደዱን የነገሩኝ ለብቻዬ ጠርተው ነው። ለእሳቸው ግን መንገር አላስፈለገም። ከሐኪሙ ክፍል ስወጣ ፊቴን አይተው «ልብሴን አምጪልኝ፣ እንሂድ» አሉኝ። መሄድ ማለታቸው ወደ አገራቸው ነው። እኔ ደግሞ ወደ ቤቴ ወሰድኳቸው፤ ሌላ የምወስድበት አልነበረኝማ። መንገዱ በዚያው ሰሞን በውጊያው ምክንያት ተዘግቶ ነበር። በየቀኑ ወደ መናኸሪያ እየደወልኩ እጠይቃለሁ። አንድ ቀን «ነገ ይነሳል» ይሉኛል፤ በማግሥቱ «ደጀን ላይ ቆሟል፣ ማርቆስ አልደረሰም» ይሉኛል። በአውሮፕላን ልውሰዳቸው ስል ሐኪሙ በዚህ አቅማቸው አይችሉም አለኝ። አባቴ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ውስጥ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ይተኛሉ። ዳዊታቸውን እየደገሙ ይሁን ከሰው ጋር እያወሩ ለይቼ አላውቅም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ የመጀመሪያም የመጨረሻም ጊዜ፣ ሳይጠመዝዙ ተናገሩኝ።

«መምህሬ ካሉበት ከምሥራቁ በር፣ ከጽዱ ሥር አድርጉኝ። ሌላ አልፈልግም።»

መምህራቸው የተቀበሩት እዚያው እሳቸው ባስተማሩባት ቤተ ክርስቲያን ነው። «እሺ አባባ» አልኳቸው።

ያረፉት ነሐሴ ውስጥ አንድ ጠዋት ነው። ወዲያው ለታላቅ ወንድሜ ደወልኩ። እሱ ገበሬ ነው፣ ከእናቴ ጋር እዚያው አገር ቤት ነው የሚኖረው። የዚያን ቀን ስልኩ በእግዜር ቸርነት ሠራ። ሰማኝና «በምን ታመጫቸዋለሽ?» አለኝ። ባሕር ዳር የሚኖሩትን አጎቴን፣ የአባቴን ታናሽ ወንድም፣ ቀደም ብዬ ጠይቄ ነበር፤ በዚያ በኩል ትናንት መኪና እስከ ቡሬ ደርሶ ተመልሷል ብለውኛል። ያንኑ ነገርኩት።

«እስከ ባሕር ዳር በአውሮፕላን፣ ከዚያ በመኪና። በረራው አንድ ሰዓት አይሞላም። ነገ ከሰዓት በኋላ እንደርሳለን።»

«መቃብሩን አስቆፍራለሁ» አለና ዘጋ። ከዚያ ወዲያ ድምፁን የሰማሁት ከወራት በኋላ ነው።

የሞተ ሰው ትኬት የለውም። አባቴ በካርጎ ነው የሄዱት። ሆስፒታሉ እንዳይበላሹ መድኃኒት ወጋቸው፣ በቆርቆሮ በተለበጠ ሳጥን ተደረጉ፣ ሳጥኑ ተመዘነ። ሚዛኑ ላይ ሲያስቀምጧቸው ዓይኔን ወደ ሌላ አዞርኩ። የካርጎው ሠራተኛ ደግ ሰው ነበር፤ ሌላውን ዕቃ ሁሉ አስገፍቶ ሳጥኑን ለብቻው አስቀመጠልኝና ጎንበስ ብሎ ተሳለመው።

እኔ ከላይ መስኮት አጠገብ ደረሰኝ። ከጎኔ የተቀመጠው ሰው ኮቱን ያላወለቀ፣ ባሕር ዳር ለስብሰባ የሚሄድ ጨዋታ ወዳድ ነው። አውሮፕላኑ ገና ከመነሳቱ ወሬ ጀመረ።

«ይኸ ነገር ተአምር እኮ ነው። በመኪና ቢሆን ይኼኔ ገና ከከተማ አልወጣንም። እዚህ ቡናሽን ጠጥተሽ ሳትጨርሺ ጣና ላይ ነሽ። ለሥራ ነው?»

«አባቴን ላደርስ ነው» አልኩት።

«እሰይ። ከኋላ ተቀምጠዋል?»

«ከታች ናቸው።»

መጀመሪያ አልገባውም። ፈገግ እንዳለ ቆየ። ሲገባው ፊቱ ጠቆረ፤ እጁ ላይ የነበረውን ብስኩት ወደ ኪሱ ከተተና እስክንወርድ ድረስ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። እኔም ደስ አላለኝም። ባልነግረው ነበር የሚሻለው።

አስተናጋጇ ምን እንደምጠጣ ጠየቀችኝ። አባቴ ከእግሬ ሥር ተኝተው ውሃ ጠጣሁ። ደመናው አንድ ቦታ ላይ ተቀደደና የዓባይ ገደል ታየ፤ ከዚያ ላይ ሲያዩት አንድ ሰው ተንበርክኮ በጣቱ የጫረው ይመስላል። አባቴ በአውቶቡስ ሲወርዱት ጆሯቸውን የደፈናቸው፣ ወደ ላይ ሲወጡ ሆዳቸውን ይዘው ያቃሰቱበት ገደል ነው። ከዚያ በኋላ በግራ በኩል፣ አገራችን ባለበት አቅጣጫ፣ ነጭ ደመና ብቻ ነበር። ከታች አንድ ቦታ ወንድሜ ከነጎረቤቱ ዶማ ይዞ ጽዱ ሥር እየቆፈረ እንደሆነ አውቃለሁ። ፍኖተ ሰላም አውሮፕላኑ ከሚያልፍበት ብዙ የራቀች አይደለችም፤ በጎኗ አለፍናት ማለት ይቻላል። ብዙም ሳይቆይ መውረዳችን ተነገረን።

አጎቴ ከአንድ ፒካፕ መኪና ጋር አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ጠበቁኝ። አቅፈውኝ ካለቀሱ በኋላ መጀመሪያ የተናገሩት ግን ስለ ሐዘኑ አልነበረም።

«ልጄ፣ ትናንት ማታ መንገዱ ተዘግቷል።»

«ትናንት ደርሶ ተመልሷል ብለውኝ አልነበረም?»

«ትናንት እንዲያ ነበር። ስነግርሽ ትክክል ነበር። ዛሬ ተዘግቷል።»

እሳቸው ላይ ልቆጣ ፈለግሁ። ግን ምን አደረጉ? ሹፌሩ ጎልማሳ ሰው ነው፤ ሳጥኑን አየና «የሙት መኪና ነው፣ ምናልባት ያሳልፉን ይሆናል። እንሞክር» አለ። ከፊት መስታወቱ ላይ ነጭ ጨርቅ አሰረ። አጎቴ ከኋላ፣ ከሳጥኑ ጋር ተቀመጡ። እኔ ከፊት።

መራዊ እስክንደርስ ማንም አልጠየቀን። መራዊን ስናልፍ መንገዱ ባዶ ሆነ። የዚያ አገር መንገድ ባዶ ሲሆን የሚያስፈራውን ያየው ያውቀዋል፤ አህያ የለም፣ የእንጨት ሸክም የለም፣ ከገበያ የሚመለስ ሰው የለም፣ የባጃጅ ድምፅ የለም። ትንሽ እንደሄድን ድንጋይና ግንድ የተጋደመበት ቦታ ላይ የታጠቁ ወጣቶች አስቆሙን።

«ወዴት ነው?»

«ፍኖተ ሰላም። አስከሬን ነው» አለ ሹፌሩ።

«ክፈተው።»

አጎቴ ከኋላ ተነስተው ቆሙ። «መሪጌታ ናቸው፣ ልጄ። የቤተ ክርስቲያን ሰው ናቸው። ወደ አፈራቸው እየወሰድናቸው ነው።»

ወጣቱ ሳጥኑን አየ፤ አላስከፈተም። ፊቱ ላይ ክፋት አልነበረም። ያ ነው እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ፤ ክፉ ቢሆን እሱን እየረገምኩ እገላገል ነበር።

«አባቴ፣ እኔ ባሳልፍዎት ከዚያ ማዶ ያሉት አያሳልፉዎትም። ከእነሱ ቢያመልጡ ዱርቤቴ ላይ ሌላ አለ። ዛሬ ይኸ መንገድ ለሰውም ለሬሳም አይሆንም። ይመለሱ።»

«እስከ መቼ ነው?»

«እኛም አናውቅ።»

ሹፌሩ መኪናውን አዞረ። አጎቴ ሳጥኑን በሁለት እጃቸው ይዘው እየተመለሱ ለሞተ ወንድማቸው የሆነ ነገር ሲናገሩ በመስታወቱ አያቸዋለሁ፤ ነፋሱ ቃሉን ይወስደዋል።

በማግሥቱም ሞከርን። በማግሥቱ መራዊ ከመድረሳችን በፊት ነው የመለሱን፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሌሎቹ ናቸው። ወታደሩ «መንገዱ ሲጸዳ ይነገራችኋል» አለን። ማን እንደሚነግረን አልነገረንም። ወደ ወንድሜ ስደውል ስልኩ ጭራሽ አይጠራም። ኔትዎርኩ ከዚያ በኩል ጠፍቷል። አባቴን ባሳደርንበት በባሕር ዳር ሆስፒታል የሬሳ ክፍል መብራቱ ሄድ መጣ ይላል። የክፍሉ ሠራተኛ ጠራኝና አፉን በነጠላ ሸፍኖ «እህቴ፣ ከዚህ በላይ ማቆየት ለሳቸውም ክብር አይደለም» አለኝ።

አጎቴ ባሕር ዳር ከተማ ዳር ያለችውን ደብራቸውን አስፈቀዱ። አባቴ የዚያ ሰበካ ሰው አይደሉም፤ ካህናቱ ግን መምህር መሆናቸውን ሲሰሙ አላንገራገሩም። አፈሩ ረግረግ ቢጤ ነው። ጉድጓዱ ሲቆፈር ከሥሩ ውሃ አቀረረ፤ ቆፋሪዎቹ በባልዲ እየቀዱ ወደ ውጭ ያፈሱታል። የእኛ አገር አፈር ቀይ ነው፣ ደረቅ ነው፣ ይይዛል። ይኸ ጥቁር ነው። አጎቴ ውሃውን አይተው ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

አንድ የቅኔ መምህር አገራቸው ላይ ሲሞቱ ምን እንደሚደረግ ከልጅነቴ አውቃለሁ። ያስተማሯቸው ከየአድባራቱ፣ ከየገዳማቱ ይመጣሉ፤ እዚያው መቃብሩ አፋፍ ላይ አንዱ ሲቀመጥ አንዱ እየተነሳ ቅኔውን ይዘርፋል፤ አገር ያዳምጣል። አባቴ ለመምህራቸው አድርገውት አይቻለሁ። ለእሳቸው የቆምነው አጎቴ፣ ሚስታቸው፣ ሹፌሩ፣ የደብሩ ካህናትና ቤተ ክርስቲያኑን ሊሳለሙ የመጡ ጥቂት ሴቶች ነበርን። ፍትሐቱ ሲያልቅ አንድ በዕድሜ የገፉ ቄስ ወደ እኔ ቀረቡ።

«አባትሽ ምን ነበር የሚያስተምሩ?»

«ቅኔ ነው አባቴ።»

«ቅኔ!» ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንዲያማ ከሆነ ዝም ተብለው አይሸኙም።»

መቋሚያቸውን ተክለው በግእዝ ጥቂት ስንኝ አሉ። ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል። ከካህናቱ አንዱ «ይበል!» አለ፤ ሌላው ከንፈሩን መጠጠ። እኔ የቅኔ መምህር ልጅ ሆኜ አልገባኝም። ሴት ልጅ ናት ተብዬ አልተማርኩም፤ አባቴም አላስተማሩኝም። በኋላ ቄሱን ትርጉሙን ጠየቅኋቸው።

«ለእሳቸው ነው ያልኩት» አሉኝ። ክፋት አልነበረበትም። እንዲያ ግን ከራሴ አባት ቀብር ላይ እንግዳ ሆኜ ተመለስኩ።

መንገዱ ለጥቂት ሳምንታት የተከፈተው ጥር ላይ ነው። ያኔ በአዲስ አበባ በኩል በአውቶቡስ ሄድኩ። ደምበጫ፣ ጅጋ፣ ሁሉም እንደ ነበሩ ናቸው፤ ሰው ይሸጣል፣ ሰው ይገዛል፣ በርበሬው በየደጁ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል። ከፍኖተ ሰላም በባጃጅ እስከ መታጠፊያው ሄጄ ከዚያ በእግሬ ገባሁ። እናቴ ጥቁር ለብሳ ደጅ ላይ እህል ታበጥራለች። አየችኝና ሰፌዱን አስቀመጠች። አልሮጠችም። ሄጄ ወደቅሁባት፤ አልቅሰን አልቅሰን ስንጨርስ ወንድሜ ከማሳ ደረሰ።

እሱ አላቀፈኝም። ተቀመጠና የእግሩን የመስኖ ጭቃ በእንጨት እየፋቀ የሆነውን ነገረኝ። በዚያ ቀን መቃብሩ ተቆፍሮ፣ ካህናቱ ለብሰው፣ አገር ሜዳው ላይ ተሰብስቦ ጠበቀ። በማግሥቱም። በሦስተኛው ቀን እሱ በእግሩ ቡሬ ድረስ ሄዶ መናኸሪያው ላይ ተቀምጦ ዋለ። ከእንጅባራ በኩል የሚመጣውን ሁሉ ሳጥን የጫነ መኪና አይታችኋል ወይ እያለ ሲጠይቅ የሚመጣው ራሱ ጠፋ። ለቀስተኛው ተበተነ። ማንም ምን እንደሆንን አያውቅም፤ አንዱ መኪናው ተቃጥሏል ይላል፣ ሌላው አባቴ በሕይወት አሉ ይላል። እናቴ ይህን የኋለኛውን አምና ነበር። የአጎቴ መልእክት በሰው በሰው የደረሳቸው አርባቸው ሊወጣ ሲል ነው።

«አንድ ሰዓት አይሞላም አላልሽኝም?» አለኝ ወንድሜ።

«በረራው ነው ያልኩህ።»

«እኔ ምን አውቃለሁ። አንድ ሰዓት ብለሻል፤ ለአገሩ ሁሉ ያንኑ ተናገርሁ። ሰው ውሸታም አለኝ።»

ልመልስለት ነበር፣ እናቴ ቀደመችኝ።

«ተዋት። እሷ ምን ታድርግ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አውሮፕላኑ ሲሄድ በእኛ ላይ ነው የሚያልፍ?»

«በጎን በኩል ነው። ብዙም አይርቅ።»

«አንዳንድ ቀን እሰማዋለሁ» አለች። «እንግዲህ ያን ያህል ከቀረባችሁ፣ ከላይ ብትጥሉልኝስ ምን ነበር? ስብርባሪያቸውንም ቢሆን እለቅመው ነበር።»

ቀልድ አልነበረም። ወንድሜ እንኳ ቀና ብሎ አያት።

በማግሥቱ ቤተ ክርስቲያኑን ልሳለም ስሄድ ወደ ምሥራቁ በር ዞርኩ። ጽዱ ሥር ከአባቴ መምህር መቃብር አጠገብ አዲስ አፈር አለ፤ ድንጋይ ተከቦበታል። ወንድሜን ጠየቅሁት። የጎረቤታችን ልጅ ነው አለኝ፤ በዚያ ሰሞን መንገድ ላይ በጥይት ተመትቶ ሞቶ መጣ። ጉድጓዱ ተከፍቶ ቆይቶ ነበር፣ ዝናብ እየሞላው። የልጁ አባት ሊያስቆፍር ሲል እናቴ ራሷ «ያውላችሁ፣ የተቆፈረ አለ» አለቻቸው።

«ባዶውን ከሚያፈጥብኝ ይሙላ» አለችኝ በኋላ ስጠይቃት።

ወንድሜ ዓመታት ሲያልፉ ዐፅማቸውን እናፈልሳለን ይላል። ከዚያ ከረግረጉ አውጥተን ወደ ቀዩ አፈር። ባሕር ዳር ያሉት ካህናት ይፈቅዳሉ፤ ይኸንን አጎቴ ጠይቀዋል። የቀረው መንገዱ ነው። እናቴ ይህ ወሬ ሲነሳ ተነስታ ትወጣለች።

ባለፈው ክረምት እሷም ሳል ጀመራት። ደረቷን ይወጋታል፣ ትኩሳት አላት። ወንድሜ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ልውሰድሽ ቢላት እሺ አላለችም። ጎረቤቱ ለመናት፣ የንስሐ አባቷ ለመኗት። እኔም በስልክ ለመንኳት።

«እማዬ፣ ፍኖተ ሰላም እኮ ቅርብ ነው። በባጃጅ ደርሰሽ ለምሳ ትመለሻለሽ።»

«አባትሽም ፍኖተ ሰላም ነበር የሄዱ መጀመሪያ» አለችኝ። «ፍኖተ ሰላም አዲስ አበባ ላከቻቸው። አዲስ አበባ ባሕር ዳር ላከቻቸው። እኔን ማንም አይልከኝም። የአንቺን ቅርብ አይቸዋለሁ።»

ተማጠንኳት። ለእኔ ስትል እንድትሄድ፣ አልጋ እንደማያስይዟት፣ ወንድሜ ከአጠገቧ እንደማይለይ፣ መድኃኒቱን ተቀብላ እንደምትመለስ ነገርኳት። ስልኩ ውስጥ ሳሏ ብቻ ይመጣል፣ ይቆማል፣ ይመጣል። ከዚያ ስልኩን ለወንድሜ ሰጠችው።

«ተያት» አለኝ። ድምፁ እንደ ድሮው የተቆጣ አልነበረም፤ ደክሞታል። «ለምኛታለሁ። አለቀስኩባትም። ትልቅ ሰው በግድ ታስሮ አይወሰድ።»

«እየባሰባት ቢሄድስ?»

«እዚሁ ነው የምትሆነው። እሷም የምትለው ይኸንኑ ነው፤ እዚሁ።»